የእህትየው ጭካኔ በሦስት ማስረጃ

«“የእህትየውን ጭካኔ በሦስት ማስረጃ አስረዱ።” አሥር ማርክ እኮ ነው! ሁለቱን አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛው ምንድን ነው?» አለች አንደኛዋ ተማሪ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ጓደኛዋ ዳቦዋን እያላመጠች፣ «ወንድሟ አንኳኳ፣ አልከፈተችለትም። ዝናብ ደበደበው፣ አልከፈተችለትም። የአባቱ ነፍስ ስትወጣ እንኳን ብቅ ብላ አልጠራችውም። ይኸው ሦስት። ሴትየዋ እንደሆነች ድንጋይ ናት፣ ምን ያስጨንቅሻል!» አለቻት። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመቀመጫቸው ጀርባ የላይኛውን ብረት ጨብጣ የቆመችው ሴት ላለመስማት መስኮት መስኮቱን አየች፣ የሱቅ ማስታወቂያ አነበበች፣ እስከ ሃያ ቆጠረች። ምን ዋጋ አለው፣ ጆሮ ክዳን የለው። ጥያቄውን ታውቀዋለች። አሥረኛ ክፍል ሳለች ቃል በቃል ይኸው ጥያቄ መጥቶላት፣ እሷም ዳቦ እንደምታላምጠው ልጅ አንድ ሁለት ሦስት ብላ መልሳ፣ አሥር ከአሥር አግኝታበታለች። ያቺ «ድንጋይ» የተባለችው ሴትዮ ደግሞ እናቷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ ልቦለድ ነው፤ ሽፋኑ ላይም «ልቦለድ» የሚል ቃል በደማቁ ተጽፎበታል። ግን ማን ሊያየው! የጻፈው የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ታሪኩን «እኔ» እያለ ነው የሚተርከው፤ የሠፈሩ ሰው ደግሞ ቤቱን ያውቀዋል፣ በሩን ያውቀዋል፣ ሽማግሌው አባት የሞቱበትን የዝናብ ሌሊት ያስታውሰዋል። ስለዚህ መጽሐፉ በወጣ በወሩ አገር ሁሉ ዳኛ ሆኖ ቁጭ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ወጣቱ ተራኪ አባቱ እያጣጣሩ መሆኑን ሰምቶ በዝናብ እየሮጠ ይመጣል፤ ያንኳኳል፣ ይለምናል፣ ያለቅሳል፤ እህቱ ከውስጥ እየሰማችው አትከፍትም፤ ሲነጋ አባትየው የሉም። ይህን ያነበበ ሁሉ አልቅሷል። መምህራን ሳይቀሩ ክፍል ውስጥ ሲያነቡት ድምፃቸው ይቆራረጣል። እናቷ ሠፈር ብትቀይር ወሬው ተከትሏት መጣ፤ ሽንኩርት ስትገዛ፣ ወረፋ ስትይዝ፣ «እህትየው እሷ ናት አሉ» የሚል ሹክሹክታ ከኋላዋ አይጠፋም። ከአራት ወር በፊት ደራሲው ሲሞት ቀብሩ ላይ ዳር ይዛ ቆማ ነበር፤ እዚያም አንዷ ሌላዋን በክርን ጎሸም አድርጋ ስትጠቁምባት ልጇ በዓይኗ አየች። እህትና ወንድም አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ነው የተለያዩት።

እናትየው ግን ለማንም መልስ ሰጥታ አታውቅም። ሰጠች ከተባለ መልሷ አንድ ነው፤ በሯን ትከፍታለች። ጎህ ሲቀድ ከፍታ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ታስደግፍበታለች፣ እስኪጨልም አይዘጋም። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ የጎረቤት ዶሮ ገባች፣ ድመት ወተት ደፋች፤ በጭራሽ! ልጅ ሆና «እማዬ፣ በረደኝ» ስትላት «ካፖርትሽን ደርቢ፤ ሰው ይመጣል» ትላታለች። የሚመጣም ሰው አልነበረም። ያቺ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት፤ የራሷ ቤት አላት፣ በሯን እንዳሻት ትዘጋለች፤ ያቺን ድንጋይ ባሰበች ቁጥር ግን እግሯ ይበርዳታል። ከሁሉም የሚያንገበግባት ደግሞ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነው፤ በሆዷ ውስጥ፣ ከፍቅሯ ሥር፣ እሷም መጽሐፉን ታምነው ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የአራሚዎች ክፍል ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮትና አንድ ጋሽ ማስመሪያ አሏት። ሰውየው እውነተኛ ስም አላቸው፤ ግን ከእጃቸው የማትለይ የነሐስ ማስመሪያ ስላለቻቸው ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም ለምደውት ስልክ ሲያነሱ «አቤት፣ ማስመሪያ ነኝ» ይላሉ። ማስመሪያዋን ከመስመር ሥር ያስደግፉና ቀስ እያሉ ወደ ታች ይገፏታል፤ አንድ ጠርዟ ከመገፋት ብዛት እንደ ማንኪያ አፍ ሳስቷል። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የጥርሳቸውን ሕመም፣ የትንሿ ልጃቸውን ሠርግ ጣጣ፣ የቤታቸውን ጣራ ፍሳሽ ሳይቀር ታውቃለች። እሳቸውም ስለ እሷ ሁሉንም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። የማን ልጅ እንደሆነች ግን ነግራቸው አታውቅም። ምን ብላ ትንገራቸው!

የክፍሏ አሠራር የቆየ ነው። አንደኛው የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ነጥቡንም ሰረዙንም እየጠራ፤ ሌላው በኮምፒውተር የተተየበውን ገጽ እያየ ያመሳክራል። በመጨረሻ በየገጹ ግርጌ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሁለት ፊርማ የሌለው ገጽ ወደ ማሽን አይወርድም፤ ሥራ አስኪያጁ ተንበርክኮ ቢለምንም አይወርድም። የዚያን ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ያገኘችው ታዲያ ምን ይመስላችኋል? የአጎቷን መጽሐፍ። ሚስቱ የእጅ ጽሑፉን ከሣጥን ሥር አውጥታ አምጥታለች፤ ሥራ አስኪያጁም በደስታ ብዛት ገጹ ሳይታረም ሽፋኑን አሳትሞ ጨርሷል። «ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ አዲስ እትም» ይላል፣ በወርቃማ ቀለም። ዘጠና ስድስት ገጽ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተፈርሞ ያልቃል፤ ነገ ጠዋት ማሽኑ ይነሣል። አሞኛል ብላ ልትሄድ ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር፤ ጋሽ ማስመሪያ ግን መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ምዕራፍ አንድ» አሉ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሽ ማስመሪያ ሲያነቡ እንደ ሰው አያነቡም። ሐዘኑም ደስታውም ለእሳቸው እኩል ነው፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይል። ምዕራፍ ሁለት ላይ እንደደረሱ በዚያው ድምፅ፣ «አባቴ የበሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ነጠላ ሰረዝ ከኪስህ እንዳይወጣ አለኝ አራት ነጥብ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም አራት ነጥብ» ብለው አነበቡና ቆሙ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «ይቺን አውቃታለሁ! የድሮ ወዳጄ ናት!» ቀይ ስክሪብቷቸውን አነሡና ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር ከገጿ ላይ ሠረዙባት።

«ምነው ጋሼ?» አለች።

ሲያወሩ ደረታቸው ነፋ ይላል። የመጀመሪያውን እትም ያረሙት እሳቸው ናቸው፤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ለሥራው አዲስ። ደራሲው ያኔ ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ አይደርስ። «ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ምን ሊሆን በር ያንኳኳል? ረስቶት ነው! ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሲያንኳኳ ያድራል፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ቁልፍ ይዟል። ይሄ ታትሞ ቢወጣ መሳቂያ ይሆን ነበር። ሠረዝኩለት። ሌላም ሌላም አቃናሁለት።» ቀጥሎ የሚመጣውን አራሚዋ በቃሏ ታውቀዋለች፣ ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች፤ የየትኛው መጽሐፍ ታሪክ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ደራሲው ማተሚያ ቤት መጣ። እዚያች ወንበር ላይ፣ አሁን እሷ የተቀመጠችባት ላይ፣ ተቀመጠ። ገለጠ፣ አነበበ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። መጨረሻ ላይ «በርቱ» አለና ወጣ። «ምስጋና ብዛቱ ከአፍ አላስወጣ ብሎት እኮ ነው» አሉ ጋሽ ማስመሪያ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ማስመሪያቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «አርባ ዓመት ሙሉ አንባቢ ያለቀሰበትን መጽሐፍ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አያውቅልኝም እንጂ።»

አራሚዋ የተሠረዘውን መስመር ደግማ አነበበችው። የሆነ ነገር ውስጧን ከነከናት፤ ምን እንደሆነ ግን ለራሷም አልያዝ አላት። እስከ ምሳ አምስት ምዕራፍ አመሳከሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ታች ካለው ሻይ ቤት ሻይና ዳቦ አዛ ሳትነካው ቀዘቀዘ። አጠገቧ የማሽን ሠራተኞች ስለ አውቶቡስ ታሪፍ መጨመር ይጨቃጨቃሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር የሚሰማት። ቁልፉን ነው የምታስበው። የአያቷን ቤት በር በልጅነቷ አይታዋለች፤ አሮጌ ወፍራም በር፣ ቁልፉ የጣት ርዝመት ያለው ብረት። እንዲህ ያለ ነገር ኪስ ውስጥ ተይዞ ይረሳል? የያዘው ሰው ይርሳው፤ የጻፈውስ? «እኔ ምን አገባኝ፣ ልጇ ስለሆንኩ ነው» አለች ለራሷ። «የምፈልገውን ነው የማየው።» ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ተነሣች።

ከምሳ በኋላ ምዕራፍ ዘጠኝ መጣ። አሥረኛ ክፍል ስታነበው አንሶላ ውስጥ ገብታ አልቅሳበታለች። አሁን ግን ጋሽ ማስመሪያ ናቸው የሚያነቡት፤ «አንኳኳሁ አራት ነጥብ እህቴ ከውስጥ ትሰማኝ ነበር አራት ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ሲወርድብኝ አደረ አራት ነጥብ»። እንዲህ ሲነበብ ለቅሶው ሁሉ ይራገፋል፤ ነገሩ ብቻ ይቀራል። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ ሰማችው። ወዲያው ከዚያው ሥር፣ «ሲነጋ ወደ ቤት ገባሁ አራት ነጥብ እህቴ ቀና ብላ ጫማዬን አየች አራት ነጥብ የትናንቱን አቧራ እንደለበሰ ነበር አራት ነጥብ» አሉና «ይቺንም አቃንቻታለሁ፤ በጭቃ ተለውሶ ብዬ» ብለው ቀዩን ስክሪብቶ አነሡ። አራሚዋ ክው አለች። እጇን ሰዳ ስክሪብቷቸውን ያዘች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ድፍረት አድርጋ አታውቅም።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ። ምዕራፍ አሥር ላይ፣ ቀብሩ ጋ፣ እጁን ኪሱ ሲከት ምን ይላል?»

ገልጠው አዩ። «“ቀዝቃዛው ቁልፍ እጄን ነካው።” ይቺን ሳንቲም አድርጌያታለሁ፤ ቁልፍ ከሌለው ቁልፍ ከየት...» ብለው ሊቀጥሉ ነበር።

«ስንት ሆነ ታዲያ? ምዕራፍ ሁለት ቁልፍ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ጫማ፣ ምዕራፍ አሥር ቁልፍ። እርስዎ ያስተማሩኝ ምንድን ነው? አንድ ጊዜ የመጣ ስህተትን አቃኚ፣ ሦስት ጊዜ ከመጣ ግን እጅሽን ሰብስበሽ ደራሲውን ጠይቂ አላሉኝም?»

ጋሽ ማስመሪያ ተቆጡ። በእርግጥ ተቆጡ፤ ጆሯቸው ቀላ። ደራሲ ሰው ነው ይረሳል፣ ያኔ ምዕራፉ ከፊደል ለቃሚዎቹ በየሳምንቱ እየተቆረጠ ነበር የሚመጣልኝ፣ አንዱን ሳቃና ሌላውን አላየሁትም፣ አንቺ ዛሬ አንድ ላይ ስላየሽው ነው ብልጥ የሆንሽው፣ እያሉ ወረዱባት። «ደግሞስ ምን ልትዪ ነው? ዋሽቷል ልትዪ ነው? ታሪኩን የሚያወራው እሱ፣ የሚያለቅሰው እሱ!»

«አዎ» አለች። «የሚያወራው ሰው ይዋሻል። የጻፈው ሰው ደግሞ እየዋሸ መሆኑን ያውቃል። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ያስያዘው ለዚህ ነው። እኛ እንድናየው።» አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም። «ሌላም ነገር አለ። እህትየው እናቴ ናት።»

ጋሽ ማስመሪያ ከመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት የጣራዬን ፍሳሽ ስነግርሽ...» አልጨረሱትም። ቀጥለውም ያለ ቁጣ፣ ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነበር፣ «ታዲያ ልጄ፣ ዓይንሽን እንዴት አድርጌ ልመነው? አንቺ እንዲህ ሆኖ እንዲገኝ ትፈልጊያለሽ» አሏት። እውነታቸውን ነው። ሻይ ቤት ተቀምጣ ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ አይደል? «እኔን አይመኑኝ። ማስመሪያዎን ከመስመሩ ሥር ያስደግፉና ራስዎ ያንብቡት። ጮክ ብለው ሳይሆን ለራስዎ።»

አነበቡ። ማስመሪያዋ በእጅ ጽሑፉ ላይ ቀስ እያለች ወረደች፤ ምዕራፍ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ተመልሳ ሁለት። አራሚዋ በመስኮት ወደ ታች አየች፤ ሁለት ሰዎች የወረቀት ጥቅል እየገፉ ወደ መጋዘን ያስገባሉ። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የሳቸው ፊርማ ከሌለ የእሷ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ለሌላ አርባ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሦስት ማስረጃ እየቆጠረ አሥር ከአሥር ይደፍናል፤ እናቷ ደግሞ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘወር ስትል ጋሽ ማስመሪያ ማንበብ አቁመዋል። የሚያዩት እሷን አይደለም፣ የተቀመጠችበትን ወንበር ነው።

«እዚያ ነው የተቀመጠው» አሉ። «ምዕራፍ ሁለትን ገለጠ። ፈለገው፣ አጣው። ዘጠኝን ገለጠ። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ፈገግ ብዬ አየዋለሁ፤ ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ!» መነጽራቸውን አወለቁ። «በል አይለኝም ነበር? ለምን አጠፋህብኝ አይለኝም? ዝም አለኝ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ በማግስቱ አስተካክለው ነበር።»

«ሰው ሁሉ አዘነለት ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ጥፋቱን ጽፎ ሰጠ፤ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰለት። ያንን ንጽሕና አልፈልግም ብሎ መመለስ አቃተው።»

«እኔም እኮ ሃያ ጊዜ ነገርኩሽ፤ በኩራት!» ጋሽ ማስመሪያ በመዳፋቸው ግንባራቸውን መቱ። «አይ እኔ! ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይሞኛል?» ሲሉ ግማሹ ሳቅ ግማሹ ለቅሶ ነበር። ከዚያ ገጾቹን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ በሠረዙት መስመር ሥር፣ ከእያንዳንዱ ቃል በታች፣ ትናንሽ ነጥቦች ደረደሩና ህዳጉ ላይ ጻፉ፤ «እንዳለ ይቆይ»። በዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ የጻፉት ቃል ነው፤ በራሳቸው እርማት ላይ ሲጽፉት ግን አይታ አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሐል ሰክቶ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ስልኩ ሊወድቅ ነበር። «ምን? ጋሼ፣ ይሄ የመማሪያ መጽሐፍ ነው! አገር በሙሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው! ተማሪው ግራ ይጋባል፣ መምህሩ ይደውልልኛል፣ የፈተናው ጥያቄስ? በድሮው አድርጉልኝ በቃ፣ እባካችሁ!» ጋሽ ማስመሪያ አልተነሡም። «ሽፋኑ ላይ ምን ብለህ ነው ያሳተምከው?» አሉት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ዘጋው። «ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ። በወርቃማ ቀለም። በድሮው ካልክ ሽፋኑን ትቀይራለህ፣ ሽፋኑ ይቆይ ካልክ ደግሞ ውስጡ የእጅ ጽሑፉ ይሆናል። ሁለቱንም አጣምረህ አትሄድም።» ሥራ አስኪያጁ ሽፋኑ ስንት ሺህ እንደታተመ በልቡ ሲያሰላ ከፊቱ ይነበባል። «እንዲያው ለኔ አስበው ያውቃሉ ጋሼ? እሺ! ግን ማን ነው ያበላሸው ብሎ የደወለ ሰው ቢኖር ለእርስዎ ነው የማቀብለው!» «አቀብለኝ» አሉ ጋሽ ማስመሪያ። «አቤት፣ ማስመሪያ ነኝ፤ ያበላሸሁት ከአርባ ዓመት በፊት ነው እለዋለሁ።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዘጠና ስድስቱም ገጽ ሁለት ሁለት ፊርማ ነበረው። አራሚዋ ወንበሯ ላይ ተዘርግታ «እፎይ» አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ያወጣች መሰላት። ጋሽ ማስመሪያ ሦስቱን ገጾች ኮፒ አድርገው አጥፈው ሰጧት፤ ወረቀት ከክፍል ማውጣት ክልክል መሆኑን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነዘንዟት የኖሩት ሰውዬ! «ለእናትሽ አንብቢላቸው። ያጠፋው አራሚ በሕይወት አለ፣ ይቅርታ ይላል በያቸው» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩና ማስመሪያቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር።

ከአውቶቡስ ወርዳ እናቷ ሠፈር ስትደርስ ፀሐይ ገና ጣራ ጣራው ላይ ነበረች፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። በሩ እንደተለመደው ወለል ብሏል፣ ድንጋዩም ቦታው ላይ። እናቷ በሩ አጠገብ ባለችው ዝቅተኛ ወንበሯ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ምስር ትለቅማለች። «ምነው በደህና ነው? ማክሰኞ አልነበር የምትመጪው?» አለቻት። አራሚዋ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወረቀቱን አወጣች። እንዴት እንደምትጀምር መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነበር፤ አሁን ሁሉም ጠፋባት። ዝም ብላ አነበበች፤ «አባቴ የበሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ ከኪስህ እንዳይወጣ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

የእናቷ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «ይሄ የምን ወረቀት ነው?»

«የእሱ ነው። የእጅ ጽሑፉ። መጀመሪያ ሲጽፈው እንዲህ ነበር የጻፈው እማዬ።»

እናቷ ወደ ደጅ አየች። አንድ ብስክሌት አለፈ። ከዚያ፣ አርባ ዓመት ያላለችውን፣ የዳቦ ዋጋ እንደምትናገር ሰው ረጋ ብላ፣ «አላንኳኳም እኮ» አለች። «በሩንም አልቆለፍኩትም ነበር። ይመጣል ብዬ። ያባቴን እጅ ይዤ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ ነው ያነጋሁት። ቁልፍ ቢኖረው ባይኖረው፣ ገፋ ቢያደርገው ይከፈትለት ነበር። ሲነጋ መጣ። ያን ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ጫማው ደረቅ ነው። አየሁት፤ ማየቴንም አየ። ምን ልበለው? ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሲሞት ማየት ፈርቶ አንዱ ዘንድ ተሸሽጎ ያደረ ልጅ ነው። እኔም እኮ ፈርቼ ነበር።»

አራሚዋ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠች። ስለ ጫማው አንዲት ቃል አልነገረቻትም፤ ገጹን እናቷ አላየችውም። «ሲነጋ ወደ ቤት ገባሁ። እህቴ ቀና ብላ ጫማዬን አየች። የትናንቱን አቧራ እንደለበሰ ነበር።» እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። ምስሩ ከጉልበቷ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ማንም አላነሣውም። «ጽፎታል?» አለች። «ጫማውንም ጽፎታል?» «ጽፎታል እማዬ። ያጠፋው አራሚ ነው፣ ስህተት መስሏቸው። በሕይወት አሉ፣ ይቅርታ በይልኝ ብለዋል። አዲሱ መጽሐፍ ላይ ይወጣል፣ እኔ ራሴ ፈርሜበታለሁ።»

«ታዲያ እሱ ለምን ዝም አለ?» አለች እናቷ፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ራሷ ሰጠችው። «ፈራ። አሁንም ፈራ፣ ያ ልጅ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ፣ ሳትሸማቀቅ፣ ድምፅ አውጥታ። ልጇ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈቻት። ለቅሶው ሲበርድ፣ «ለምን አልነገርሽኝም? ለሰው ይቅር፣ ለኔ?» አለቻት።

«ላንቺ?» እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አየቻት፤ ከእንባው ሥር ሳቅ እየመጣ ነበር። «አሥር ከአሥር አግኝተሽበት!»

አራሚዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ያቺን የፈተና ወረቀት ያኔ ከፍራሽ ሥር ደብቃት፣ ኋላም አቃጥላት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላያት ይመስላት ነበር፤ ወይ ጉድ፣ እናቷ ግን ከመቃጠሏ በፊት አንብባታለች። «ጽሑፍሽ ሲያምር» አለች እናቷ፣ ፀጉሯን እየዳበሰች። «ሦስተኛውን ማስረጃ ሳነብ እኔም በራሴ ላይ ልፈርድ ምንም አልቀረኝ።» ሁለቱም ሳቁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ እናቷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገችና ትከሻዋን ሰበቀች።

«ኧረ ይበርዳል» አለች። «እስቲ ያንን ድንጋይ አንሺልኝና በሩን ዝጊው።»

አራሚዋ ተነሣች። ድንጋዩ ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር፤ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጥጉ ወሰደችው። በሩን ገፋችውና ተዘጋ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።